ከቁርጭምጭሚት በታች

ፒያሳ በረንዳው፣ ከፖስታ ቤቱ ሥር፣
ለስድስት ልጅ ጀርባ ሦስት ካርቶን ነበር፤
ሌሊት ብርድ ሲነሣ፣ ከአንገረብ ሲሻገር፣
አንዱ ጎኑን ሲያዞር፣ ስድስታችን ስንዞር።

ትርንጎ የመጣች ሰኞ ለታ ማልዳ፣
ዳቦ ያላት መስሎን ተነሣን ከበረንዳ።
ካሜራ ነው ያለው፤ ከቦርሳዋ ወጣ፤
ልትቀርጸን ነው ብለን ፊታችን ተቆጣ።
የለመድነው ነዋ! ቱሪስቱ ግንብ አይቶ፣
ሲመለስ እኛንም ለማሟያ አንሥቶ፣
አሥር ብር ጥሎ፣ መልካችንን ወስዶ፤
መልካችን ባሕር ማዶ ይኖራል እኛን ክዶ።

እሷ ግን «እንኩ» አለች፤ ሌላ አልጨመረች፤
በአንጋው የቀለም እጅ እንደ ጫጩት አኖረች።

ቦኖውን ቀረጸች ማንጠግቦሽ ቀድማ፣
ሰንሰለት ያነቀው፣ ጠብታው እየተሰማ።
ዋሴ ቆረቆንዳ እንደ ማይክራፎን ይዞ
የባንኩን ዘበኛ ጠየቀ፤ ዘበኛው ተክዞ፣
«እኔም ደጅ ነው የማድር» አለው፣
«ልዩነቱ ደሞዝ።»

አንጋው ግን ሊስትሮ ነው። ሌላ አልቀረጸም፤
ከቁርጭምጭሚት በላይ ሰው አይቶ አያውቅም።
ካስፋልት ጉንጩን ገጥሞ፣ ተኝቶ ያነሣው
ጫማ ብቻ ነበር፣ ጫማ ሲረሳው፣
ጫማ ሲዞረው፣
ጫማ ሲሻገረው።
«ሰዎቹስ የታሉ?» ብትል፣ «እነዚህ ናቸው» አለ፤
«እኔ ካለሁበት ሌላ ሰው የት አለ?»

ቅዳሜ፣ ቀበሌ አዳራሽ፣ አንሶላ ሰቀልን፤
ጀኔሬተር ለምነን፣ ወንበር ደረደርን።
ሊቀ መንበሩ መጡ፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ፣
ፖሊሱ ከነዱላው፣ ነጋዴው ከሚስቱ፤
አበል በሌለው ስብሰባ የሰው መብዛቱ!

ቦኖው ሲታይ ሳል ሆነ። በዘበኛው ተሣቀ።
ከዚያ ጫማ መጣ። አዳራሹ ደረቀ።
ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ። የሴት ታኮ፣ ሸራ፣
ኮንጎ ከነጭቃው፣ በረባሶ በተራ፤
በስተመጨረሻ ቡናማ ጫማ መጣ፣
አፍንጫው ተልጦ፣ ክሩ አፈትልኮ የወጣ፤
የአንጋውን ደረት ተሻገረ፣
ሳይቸኩል፣ ሳይቆጣ።

ሊቀ መንበሩ እግራቸውን ወንበር ሥር ሰበሰቡ።
ማንም ምንም አላለ። ሁሉም ግን አነበቡ።

አንጋው ተነሣና፣
«ትናንትም ጠርጌዋለሁ» አለ፤ «ክፉ ጫማ አይደለም።
ሰውዬውም ክፉ አይደሉም፤
ታች ማየት አልለመዱም።»

መታወቂያ ጠየቅን። ፀሐፊው ቅጹን ዘርግቶ፣
«የቤት ቁጥር?» አለን፣ ከአፉ አምልጦ ወጥቶ።
ማንጠግቦሽ ሣቀች፤ ተከተለ ሰዉ፤
ፀሐፊውም ሣቀ፣ እጁን ግን ላብ አረሰው።

ብዙ አልተገኘም። ቦኖው ማታ ማታ
ይከፈታል አሁን፣ ለአንድ ሰዓት፣ ላፍታ።
መታወቂያው ገና «በሂደት ላይ» ነው፤
ትርንጎ ሄዳለች፤ ካሜራው እኛ ጋ ነው።
ለሳንቲም ወደ ፊት የሚዘረጋ እጃችን
ወደ ላይ ይወጣል፣ ስብሰባ ሲጠራን፤
«ተራ ይሰጠኝ» ለማለት ነው።
አንዳንዴ ይሰጡናል። አንዳንዴ ሰዓት አልቋል።

ትናንት ሌሊት ዘንቦ ቡናማው ጫማ መጣ፤
ከካርቶናችን ዳር ቆመ፤ መሻገሩን አጣ፤
በጭቃው በኩል ዞረ፣ እስከ ክሩ ተዘፍቆ።
አንጋው ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ለራሱ ሥቆ፣
«ጠዋት ይምጡ» አለ፤
«የዛሬው በነጻ ነው።»